የአከራዮች ጥያቄና መልስ፦ ደላላው ያለው 10 ፐርሰንት የት ገባ?

ሰላም ናችሁ አንባቢዎቻችን። በዚህ ዙር የመጡት ጥያቄዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፣ ግማሾቻችሁ ቤት ገዝታችሁ ልታከራዩ አሰፍስፋችኋል፣ ግማሾቻችሁ ደሞ ገዝታችሁ አከራይታችሁ አሁን ከተከራይ ጋር ተፋጣችኋል። ሆን ብዬ ነው የቀላቀልኳቸው፣ ገና ያልገዛ ሰው የገዛውን ሰው ብሶት ቢያነብ አይከፋም። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስም ደሞ አላወጣሁም። ሕግ የሚነካ ነገር ላይ ከአገር አገር አንዳንዴም ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ እዚህ ያነበባችሁትን ይዛችሁ ብቻ እንዳትፈርሙ፣ የአካባቢያችሁን ሕግ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? ደሞዝተኛ ነኝ፣ ትንሽ ቆጥቤያለሁ። አንድ ደላላ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ አሳየኝና "በዓመት 10 ፐርሰንት ይከፍልሃል፣ ባንክ ብታስቀምጠው ይሄን አታገኝም" አለኝ። 20 ፐርሰንቱን እኔ ከፍዬ ቀሪውን ባንክ በ7 ፐርሰንት ወለድ ለ30 ዓመት ያበድረኛል። ተከራዩ ሎኑን እየከፈለልኝ ቤቱ የኔ ይሆናል ማለት አይደል? ጓደኞቼ ፍጠን እያሉኝ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ አትፍጠን። ደላላው አልዋሸህም፣ ግን የነገረህ ገና ማንም ያልነካውን ቁጥር ነው። ሒሳቡን አብረን እንስራው፣ እንዲቀለን ቤቱ 100 ያወጣል እንበል፣ በዓመት 10 ኪራይ ይገባል፣ ይሄ ነው የደላላው 10 ፐርሰንት። አሁን የሚወጣውን ቁጠር። በዓመት አንድ ወር ቤቱ ባዶ ቢሆን፣ ተከራይ ሲቀየር ወይ ቀለም ሲቀባ ማለት ነው፣ 0.83 ሄደ። ለጥገና ብዙ ሰው የሚመድበው በዓመት ከቤቱ ዋጋ 1 ፐርሰንት ነው፣ 1 ሄደ። የቤት ግብርና ኢንሹራንስ አንድ ላይ ሌላ 1 በል። ቤቱን የሚያስተዳድርልህ ሰው ከኪራዩ 9 ፐርሰንት ቢወስድ 0.9 ነው (ራሴ አስተዳድራለሁ ትለኝ ይሆናል፣ አስተዳድር፣ ግን እኩለ ሌሊት ቧንቧ ፈነዳ ተብሎ ሲደወልልህ ያንተም ጊዜ ዋጋ እንዳለው ይገባሃል)። ከዛ በየዓመቱ የማይመጡ፣ ሲመጡ ግን ወገብ የሚቆርጡ ነገሮች አሉ፣ ጣሪያ፣ የውሃ ማሞቂያ፣ የሊፍት መዋጮ ምናምን፣ ለነሱ 0.5 አስቀምጥ። 10 የነበረው 5.77 ሆነ። ስም ለማዛወር፣ ለጠበቃና ለባንክ 5 ካወጣህ ደሞ ቤቱ የፈጀብህ 105 እንጂ 100 አይደለም፣ ስለዚህ በእውነት የሚከፍልህ 5.5 ፐርሰንት ነው።

አሁን ወደ ባንኩ እንምጣ። 80 ተበድረህ በ7 ፐርሰንት ለ30 ዓመት ስትከፍል በዓመት 6.39 ይሆናል። ቤቱ የሚያመጣልህ 5.77 ነበር አይደል? ልዩነቱን 0.62 በየዓመቱ ከደሞዝህ ትሞላለህ ማለት ነው፣ ተከራዩ ሎኑን ይከፍልልኛል ያልከውን እዚህ ጋ ውሃ በላው። ሌላም ልንገርህ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከምትከፍለው 6.39 ውስጥ 5.58ቱ ወለድ ነው፣ ዕዳህን የሚቀንሰው 0.81 ብቻ ነው። ወለዱ የሚቀያየር ዓይነት ሆኖ ወደ 9 ፐርሰንት ቢወጣ ደሞ የዓመቱ ክፍያ 7.72 ይደርሳል፣ ያኔ ከኪስህ የምትሞላው ወደ 2 ይጠጋል። ነገሩ ውስብስብ አይደለም እኮ፣ ቤቱ በራሱ 5.5 እያመጣ በ7 ተበድረህ ከገዛኸው ብድሩ ትርፍህን አያሳድግልህም፣ ይበላብሃል።

"ዋጋው ይጨምራል" ብለው የሚያደፋፍሩህ አይጠፉም። ሊጨምር ይችላል፣ ብዙ ቦታ ብዙ ጊዜ ጨምሯል። ግን ጃፓን ውስጥ የመሬት ዋጋ በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ጫፍ ነክቶ ከዛ ከአስር ዓመት በላይ ሲወርድ ነው የኖረው፣ አሜሪካም ከ2006 በኋላ የቤት ዋጋ እንዴት እንደወደቀ ሁሉም ያውቀዋል። የዋጋ ጭማሪን እንደ ምርቃት ቁጠረው፣ ሒሳቡ ግን ያለሱም መቆም አለበት።

እና ተወው እያልኩህ ነው? አይደለም። ወይ ዋጋውን ተከራከር፣ በተመሳሳይ ኪራይ በ85 ብታገኘው ጥገናውም ትንሽ ይቀንስና ቤቱ 5.92 ያመጣል፣ 68 ተበድረህ 5.43 ትከፍላለህ፣ ትንሽ ይተርፍሃል። ወይ ደሞ በ100ውም ቢሆን 20 ሳይሆን 30 ከፍለህ ግባ፣ ያኔ ለጥቂት ይተርፍሃል። አሜሪካኖቹ የወር ኪራዩ ከዋጋው 1 ፐርሰንት ካልሞላ ቆም ብለህ አስብ የሚሉት ነገር አለ፣ ያንተ 0.83 ነው። ይሄ ቶሎ ለማጣራት ይጠቅማል እንጂ በሱ ብቻ አይወሰንም፣ ትልልቅ ከተሞች ውስጥ የሚሞላው ቤት ብርቅ ነው። እንደምንም አብቃቅተህ ከገዛህ ግን የስድስት ወር የባንክ ክፍያ የሚሆን ገንዘብ ለብቻው አስቀምጥና እንዳትነካው፣ ጀማሪ ባለቤት ቤቱን በርካሽ የሚሸጠው ቤቱ መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ሁለት ወር ባዶ ሆኖበት እጁ ላይ ካሽ ስለሚያጣ ነው።

ጥያቄ፦ ገና ግንባታው ያልተጀመረ አፓርታማ ላይ "አሁን ሙሉውን ከከፈልሽ 25 ፐርሰንት ዲስካውንት" አሉኝ። በ3 ዓመት ያስረክባሉ። ልግባበት?

መልስ፦ እህቴ፣ ዲስካውንቱን እንደ ስጦታ አትዪው፣ አንቺ ለነሱ የምታበድሪው ገንዘብ ወለድ ነው። 75 አሁን ከፍለሽ ከ3 ዓመት በኋላ የ100 ቤት ከተረከብሽ በዓመት 10 ፐርሰንት ገደማ ወለድ ከፈሉሽ ማለት ነው፣ አሪፍ ነው። ግንባታው ተጓቶ 5 ዓመት ቢፈጅ ግን ወደ 6 ፐርሰንት ይወርዳል፣ በመሃል ያጣሽውን ኪራይ ሳንቆጥር። እስቲ ራስሽን ጠይቂ፣ አንድ የማታውቂው የኮንስትራክሽን ድርጅት መጥቶ ያለ ምንም መያዣ በ6 ፐርሰንት አበድሪኝ ቢልሽ ትሰጪዋለሽ?

የቻይናው ኤቨርግራንዴ በአንድ ወቅት ከአገሪቱ ትልልቅ ገንቢዎች አንዱ ነበር። በእ.ኤ.አ. 2021 መጨረሻ ዕዳውን መክፈል አቅቶት፣ በጥር 2024 የሆንግ ኮንግ ፍርድ ቤት ንብረቱ እንዲጣራ አዘዘ። ቀድመው የከፈሉ ሰዎች ያላለቀ ሕንፃ ስር ቆመው ቀሩ፣ በ2022 ደሞ በብዙ ከተሞች ያላለቀ ቤት የገዙ ሰዎች የባንክ ክፍያ አንከፍልም ብለው ተነስተው ነበር። ስለዚህ የድርጅቱ ስም ትልቅ ነው የሚለው ብቻ አያስተኛሽ።

ከገባሽ ክፍያሽ በግንባታው ደረጃ ይሁን፣ መሠረት ሲወጣ ይሄን ያህል፣ ኮንክሪቱ ሲያልቅ ይሄን ያህል እየተባለ። ገንዘቡም በገንቢው ኪስ ሳይሆን በሦስተኛ ወገን ዝግ ሒሳብ ቢቀመጥ ይመረጣል። መሬቱ በማን ስም እንደሆነና ባንክ ይዞት እንደሆነ ከሚመለከተው መዝገብ ራስሽ ሄደሽ እዪ፣ እነሱ ያሳዩሽ ፎቶኮፒ አይበቃም። ከዚህ በፊት ያስረከቡት ሕንፃ ካለ ደሞ እዛ ሂጂና ነዋሪውን አናግሪ፣ መቼ ተባለ መቼ ተረከባችሁ፣ ውሃ ያፈሳል ወይ፣ ሊፍቱ ይሰራል ወይ። ሾውሩም ውስጥ ያለው ሶፋ ምንም አይነግርሽም። ውሉ ላይ "ቢዘገይ" የሚለው አንቀጽ ለነሱ ሰበብ ብቻ የሚደረድር ከሆነና ለአንቺ ምንም ካሳ ከሌለው፣ ተይው።

ጥያቄ፦ ልጄ እንደምን ሰነበትክ። ተከራዮቼ ባልና ሚስት ናቸው፣ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላሳለፉብኝም፣ ቤቱንም እንደራሳቸው ነው የሚይዙት። ጎረቤቴ ግን ያንኑ የሚመስል ቤት ከኔ 20 ፐርሰንት አስበልጣ አከራየች። ልጆቼ ሞኝ ነሽ አሉኝ። ልጨምርባቸው?

መልስ፦ እትዬ ሞኝስ አይደሉም፣ ግን አራት ዓመት ሙሉ ምንም ሳይጨምሩ መቆየትዎም ልክ አልነበረም። አሁን የሚከፍሉት ኪራይ 100 ነው እንበል። በአንዴ 120 አሉና ሰዎቹ ወጡ። ቤቱ አንድ ወር ባዶ ይሆናል፣ ቀለምና ጥቃቅን ጥገና፣ ለደላላም የሚከፈል አለ፣ ከባዶው ወር ሌላ ለነዚህ የወር ተኩል ኪራይ ያህል 150 ይውጣ። በመጀመሪያው ዓመት 11 ወር በ120 ሲባዛ 1320፣ ከዛ ላይ 150 ሲነሳ 1170 ይቀርዎታል፣ ምንም ባይጨምሩ ኖሮ ያገኙት ከነበረው 1200 እንኳ ያንሳል። ሰዎቹን ሳያስደነግጡ 8 ፐርሰንት ቢጨምሩና ቢቆዩልዎ ደሞ 1296 ያገኛሉ። በሚቀጥለው ዓመት 5 ፐርሰንት ቢያክሉበት የሁለት ዓመቱ ድምር 2657 ይሆናል፣ በ120ው መንገድ ግን 2610 ነው፣ ያውም አዲሱ ተከራይ በሰዓቱ የሚከፍል ሆኖ በዓመቱም ካልወጣ።

ስለዚህ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ፣ በጽሑፍ፣ ቀደም ብለው አሳውቀው ይጨምሩ። ደረጃ ላይ ሲገናኙ በአፍ "ኪራይ ወደደ እኮ" ብሎ መጀመር ሰዉን ያሳቅቃል፣ ማስረጃም አይሆንም። የአካባቢዎ ሕግ ስንት ጊዜና ስንት ፐርሰንት እንደሚፈቅድ ያጣሩ፣ ለምሳሌ ጀርመን አገር የቆየ ተከራይ ላይ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ20 ፐርሰንት በላይ፣ ቤት በሚወደድባቸው አካባቢዎች ደሞ ከ15 ፐርሰንት በላይ መጨመር አይቻልም። ልጆችዎን በተመለከተ፣ ቀለሙን እነሱ ይቀቡ እንደሆነ ይጠይቁልኝ።

ጥያቄ፦ ተከራይ ስመርጥ ሁሌ ፊቱን አይቼ ነው፣ ሁለቴ ጉድ ሆኛለሁ። ሌሎች አከራዮች ምንድነው የሚያዩት?

መልስ፦ ፊት አያዩም። ገቢውን ያያሉ፣ በብዙ አገር ያሉ አከራዮች የወር ገቢ ከኪራዩ ሦስት እጥፍ እንዲሆን ይፈልጋሉ፣ ማለትም ኪራዩ ከገቢው ሲሶ እንዳያልፍ። በወረቀት አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም። ከዛ የድሮ አከራይ ጋ ይደውላሉ፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አሁን ያለበት ቤት አከራይ ጋ ብቻ ስለሚደውል ነው። ያ ሰውዬ ተከራዩን ለመገላገል የቸኮለ ከሆነ "ኧረ ወርቅ ሰው ነው" ሊልህ ይችላል። ከሱ በፊት የነበረው አከራይ ግን የሚደብቀው ነገር የለውም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀው፣ "ቤትህ ነገ ባዶ ቢሆን መልሰህ ታከራየዋለህ?" ብለህ፣ ከመልሱ ይልቅ ከመመለሱ በፊት ያለችውን ዝምታ አዳምጥ። የደወልክለት ሰው እውነት የቤቱ ባለቤት መሆኑንም አጣራ፣ ጓደኛን አከራይ አድርጎ ማስመለስ የቆየ ዘዴ ነው።

ለመጣ ሰው ሁሉ ያንኑ ጥያቄ ጠይቅ፣ ያንኑ ወረቀት ጠይቅ። በዘር፣ በሃይማኖት፣ ልጅ አለው የለውም እያሉ መምረጥ በብዙ አገር ያስከስሳል፣ ደሞም ማን በሰዓቱ እንደሚከፍል አይነግርህም። ሌላው፣ ቤቱን ሳያይ "የስድስት ወር በአንዴ እከፍላለሁ፣ ዛሬውኑ ቁልፍ ስጠኝ" የሚል ሰው ሲመጣ ደስ አይበልህ፣ ለምን ቸኮለ ብለህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የአክስቴ ልጅ ቤቴን ልከራይ አለኝ። ዘመድ ላይ ውል ማስፈረም አይከብድም?

መልስ፦ ይከብዳል። ሳያስፈርሙ ሦስት ወር ኪራይ ሲያልፍ አክስትህ ቤት ለበዓል መሄድ ግን ከዛ በላይ ይከብዳል። ልትረዳው ከሆነ በዋጋው ቅናሽ አድርግለትና ቅናሹን ውሉ ላይ ጻፈው፣ ሌላው ሁሉ ከሌላ ተከራይ ጋር እንደምታደርገው ይሁን።

ጥያቄ፦ ተከራዬ የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ሻግቷል ይለኛል። እኔ ደሞ መስኮት ስለማይከፍትና ልብስ ቤት ውስጥ ስለሚያሰጣ ነው እላለሁ። ተጨቃጨቅን፣ ሁለቴ በበረኪና አስጠረግኩት፣ ተመልሶ መጣ። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ ጥያቄሽን በደንብ ነው የወደድኩት፣ ምክንያቱም በነገር ሳይሆን በአልሙኒየም ፎይል የሚፈታ ጭቅጭቅ ነው። የሻገተው አካባቢ አንድ ቦታ ግድግዳውን በደረቅ ጨርቅ አብሺው፣ የመጽሐፍ ገጽ የሚያክል ፎይል ቁረጪና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጥብቀሽ ለጥፊ፣ አየር በጎን እንዳይገባ። አንድ ሁለት ቀን ተይው። ስትመለሺ ጠብታው በክፍሉ በኩል ባለው ፊት ላይ ከሆነ እርጥበቱ የሚመጣው ከክፍሉ አየር ነው፣ ማለትም ከትንፋሽ፣ ከማብሰል፣ ከሚሰጣው ልብስ። ፎይሉን ስትልጪው ጀርባው፣ ግድግዳውን የነካው በኩል ከረጠበ ግን ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው፣ ያኔ ተከራይሽ ሃያ አራት ሰዓት መስኮት ከፍቶ ቢያድርም አይደርቅም። ይሄን ስታደርጊ ተከራዩም ይኑር፣ አብራችሁ ለጥፉ አብራችሁ ላጡት፣ ግማሹ ጭቅጭቅ እዛው ያልቃል።

ከግድግዳው ከሆነ ምንጩን ፈልጊ። እርጥበቱ ከላይ ወደ ታች ነው ወይስ ከወለሉ ወደ ላይ ነው የሚሄደው? ከላይ ከሆነ ጣሪያውን፣ የተደፈነ አሸንዳን፣ ላይኛው ቤት ያለውን መታጠቢያ ቤት ጠርጥሪ። ዝናብ ሲዘንብ ይብሳል ወይስ በበጋም ያው ነው? በበጋም ያው ከሆነ ቧንቧ ሊሆን ይችላል። ለቧንቧ ደሞ ቆጣሪው ይነግርሻል፣ ቤቱ ውስጥ ያለውን ውሃ ሁሉ ዝጊ፣ የቆጣሪውን ቁጥር በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ አንድ ሁለት ሰዓት ማንም ውሃ ሳይነካ ቆይተሽ እንደገና አንሺ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ውሃ እየሄደ ነው። ግድግዳ ከማስፈረስሽ በፊት ግን ሽንት ቤቱን እዪ፣ ከመቀመጫው ጀርባ ያለው የውሃ ሳጥን ውስጥ ትንሽ የምግብ ቀለም ጨምሪና ሳትለቂው አስር ደቂቃ ጠብቂ፣ ቀለሙ ወደ ታችኛው ውሃ ከወረደ የሳጥኑ መዝጊያ ጎማ አልቋል፣ እሱን መቀየር ደሞ ቀላል ነው። ለነገሩ በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ብቻውን በዓመት ከ11,000 ሊትር በላይ ውሃ ያፈሳል፣ "ትንሽ ነው ይንጠባጠብ" የምትሉ አከራዮች ልብ በሉ።

ከክፍሉ አየር ከሆነም ተከራዩ ላይ ጣትሽን ቀስረሽ አትቁሚ። መታጠቢያ ቤቱ የአየር ማውጫ ፋን አለው? ልብስ የሚያሰጣበት ሌላ ቦታ ሰጥተሽዋል? ቁም ሳጥኑ ከውጪኛው ግድግዳ ጋር ተለጥፎ ከሆነ ትንሽ ራቅ አድርጉት፣ ጀርባው አየር ያግኝ። በረኪናው የሚያነጣው ላዩን ነው፣ እርጥበቱ እስካለ ሻጋታው ይመለሳል፣ በተለይ የቀለም ቅብ ስር ከገባ። ውሃ ፈሶ የረጠበ ነገር ካለ በ24 ቢበዛ በ48 ሰዓት ውስጥ መድረቅ አለበት፣ ከዛ ካለፈ ሻጋታው ይጀምራል።

አንድ ነገር በዚሁ ልጨምር፣ ብርድ ሲሆን መስኮቱንና የአየር ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ ደፍኖ በጋዝ ወይ በከሰል የሚያሞቅ ተከራይ ካለሽ ነገ ዛሬ ሳትዪ አነጋግሪው። ከእሳቱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ አይሸትም አይታይም፣ ሰው እንደተኛ ይቀራል። ይሄ ጋዝ ሲኖር የሚጮኸውን መሣሪያ ገዝተሽ መኝታ ቤቱ አጠገብ ስቀዪለት፣ ይሄ የአከራይ ወጪ ነው፣ አትከራከሪበት።

ጥያቄ፦ ተከራይ ሊወጣ ነው። ግድግዳው ደብዝዟል፣ የምስማር ቀዳዳ አለ፣ የኩሽናው ቁም ሳጥን አንድ በር ተገንጥሏል። ዲፖዚቱን (ሲገባ በመያዣ ያስቀመጠውን ገንዘብ) ሙሉውን ልይዝበት እችላለሁ?

መልስ፦ ሙሉውን? አይ። ሰው ሲኖርበት የሚመጣ እርጅና አለ፣ ሰው ያበላሸው ደሞ አለ፣ ዲፖዚት የሚነካው ለሁለተኛው ነው። የደበዘዘ ቀለምና ለሥዕል የተመታች ምስማር በብዙ ቦታ የመጀመሪያው ናቸው። የተገነጠለው በር ግን፣ ማጠፊያው አርጅቶ ካልሆነ፣ የተከራዩ ነው። በደረሰኝ የምታስጠግንበትን ያህል ያዝ፣ ቀሪውን መልስ።

የተከራዩ ልጅ ግድግዳውን በማርከር ሞልቶት ቢሆን እንኳ ሙሉ የቀለም ወጪ አታስከፍልም። ቀለሙ አምስት ዓመት የሚቆይ ዓይነት ነው እንበል፣ ተከራዩ ሲገባ ተቀብቶ ሦስት ዓመት ኖሮበታል፣ የቀረው ዕድሜ ከአምስት ሁለት እጅ ነው፣ ያንን ነው የምትጠይቀው። ፍርድ ቤትም አስታራቂም ፊት የሚያስኬድህ እንዲህ ያለ ሒሳብ ነው፣ "አዲስ ነበር እኮ" የሚለው አይደለም።

ለሚቀጥለው ተከራይ ቁልፍ ከመስጠትህ በፊት አብራችሁ ቤቱን እየዞራችሁ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ። እያንዳንዱን ክፍል ከአራቱም ጥግ፣ ቧንቧ ከፍተህ ውሃው ሲወርድ፣ መብራት አብርተህ አጥፍተህ፣ የምድጃውን ውስጥ፣ ከሲንኩ ስር፣ የቆጣሪዎቹን ቁጥር፣ የሰጠኸውን ቁልፍ ብዛት እየቆጠርክ። ቪዲዮውን በዛው ቀን ለተከራዩ ላክለት፣ አንተ ጋ ብቻ ካለ ቀኑን ማንም አያምንህም። ዲፖዚቱን ደሞ እንደ ገቢ አትቁጠረው፣ ያንተ ገንዘብ አይደለም፣ ለብቻው ሒሳብ አስቀምጠው። እንግሊዝ አገር አከራይ ዲፖዚቱን በ30 ቀን ውስጥ በተፈቀደለት የጥበቃ ሥርዓት ካላስመዘገበ ይቀጣል፣ ተከራይን በቀላሉ ማስወጣትም አይችልም።

ጥያቄ፦ ሁለት ወር አልከፈለኝም፣ ስልክም አያነሳም። ቁልፉን ልቀይርበት ነው፣ ወይ መብራቱን ላስቆርጠው። ቤቱ የኔ አይደል እንዴ?

መልስ፦ ቤቱ ያንተ ነው፣ መኖሪያነቱ ግን በውሉ ለሱ ተሰጥቷል፣ በብዙ አገር ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ቁልፍ መቀየር፣ ውሃና መብራት መቁረጥ፣ ዕቃ ማውጣት ሕገወጥ ነው። የሁለት ወር ኪራይ ዕዳ ያለበት ሰው ጭራሽ ከሳሽ ሆኖ ካሳ ሊጠይቅህ ነው ማለት ነው፣ ይሄን ዕድል አትስጠው።

ዛሬ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ላክ፣ ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት፣ እስከ መቼ እንዲከፍል፣ ካልከፈለ ምን እንደምታደርግ፣ መድረሱን በምታረጋግጥበት መንገድ። በሩን አንኳኩተህ ደሞ አነጋግረው፣ ስልክ የማያነሳው አብዛኛው ሰው አፍሮ ነው። ሥራ አጥቶ ከሆነና ከዚህ በፊት ጥሩ ከፋይ ከነበረ በጽሑፍ የተፈረመ የክፍያ ፕሮግራም አድርጉ፣ ወርሃዊው ላይ የዕዳውን ትንሽ ትንሽ እየጨመረ እንዲከፍል። ተስፋ የሌለው ከሆነ "በዚህ ቀን ቤቱን ንጹሕ አድርገህ ካስረከብከኝ ዕዳውን እተውልሃለሁ፣ የዕቃ መጫኛም እሰጥሃለሁ" ማለት አለ። ደምህ ሲፈላ ይታየኛል፣ ግን ክሱ ስድስት ወር ቢፈጅ የስድስት ወር ኪራይና የጠበቃ ክፍያ ነው፣ ቁጭ ብለህ ደምረው። ካልተስማማ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት ሂድ፣ ሦስተኛና አራተኛ ወር እስኪሞላ "እስቲ ልየው" እያልክ አትቆይ። ለሚቀጥለው ጊዜ ደሞ ኪራዩ ባለፈ በሦስተኛው ቀን አጭር መልእክት የመላክ ልማድ ያዝ፣ ሁልጊዜ፣ ጥሩ ለሚከፍለውም ጭምር።

ጥያቄ፦ የምኖርበትን ቤት አከራይቼ ልወጣ ነው። ኢንሹራንስ ስላለኝ ሌላ ነገር ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ያስፈልግሻል። ያለሽ ኢንሹራንስ ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት የተገባ ከሆነ፣ አከራይተሽው እሳት ቢነሳ ድርጅቱ "ሁኔታው መቀየሩን አላሳወቅሽንም" ብሎ አልከፍልም ሊል ይችላል። ደውዪና ቤቱ ሊከራይ መሆኑን ንገሪያቸው፣ የአከራይ ፖሊሲ የሚባል የኢንሹራንስ ውል አለ፣ ቤቱ ተቃጥሎ ሰው መኖር ባይችል ያጣሽውን ኪራይ የሚሸፍንም ይገኛል። ሦስት ነገር ጠይቂያቸው፦ ቤቱ ስንት ቀን ባዶ ከቆየ ሽፋኑ ይቋረጣል (ብዙ ፖሊሲ ላይ 30 ወይ 60 ቀን ነው)፣ ሰው ደረጃ ላይ ወድቆ ቢጎዳ ኃላፊነቱን ይሸፍናል ወይ፣ ቀስ በቀስ ያፈሰሰ ውሃ ያደረሰው ጉዳትስ ውስጥ አለ ወይ። የተከራይሽ ሶፋና ቲቪ ግን ባንቺ ኢንሹራንስ ውስጥ የለም፣ ራሱ መግባት እንዳለበት ውሉ ላይ ጻፊው። የነገሩሽን ሁሉ ደሞ በኢሜይል ይላኩልሽ፣ በስልክ "አዎ አዎ ይሸፍናል" ያለሽ ልጅ እሳቱ ሲነሳ ሥራ ለቆ ሊሆን ይችላል።